ድንበሩን ማን አሰመረው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው ጾመ ፍልሰታ አንዲት እኅታችን ከአሽ-ሹቀይቅ ደወለችልኝ። የቤቱን ሥራ ጨርሳ፣ ልጆቹን አስተኝታ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ በሹክሹክታ ነበር የምታነጋግረኝ። ታናሽ ወንድሟ ከወሎ ተነሥቶ በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግሯል። የመን ሰዓዳ ደርሶ፣ ድንበሩን በእግሩ ሊያልፍ ደላላ እየጠበቀ ነው። እርሷ ደግሞ በዚህኛው ወገን ኢቃማዋን ይዛ ሰው ቤት ተቀምጣለች። “አባቴ፣ እርሱ ካለበት እኔ እስካለሁበት የአንድ ቀን የመኪና መንገድ እንኳ አይሞላም ይላሉ። ከወዲያም ዐረብ ነው፣ ከወዲህም ዐረብ ነው፤ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም አንድ ነው። ይህን ድንበር ማን ነው ያሰመረው?” አለችኝ።

ስለ ወንድሟ በዚያች ሰዓት ከጸሎት በቀር የምጨምርላት አልነበረኝም። ስለ ድንበሩ ግን “ጠይቄ፣ አንብቤ እጽፍልሻለሁ” አልኋት። ይህ ጽሑፍ ያ መልስ ነው። ሌሎቻችሁም በጂዛን፣ በሰብያ፣ በአቡ ዐሪሽ፣ በሳምጣ ያላችሁ ስለምታነቡት ለሁላችሁም እንዲሆን አድርጌዋለሁ። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የበዓላቱን ቀን ግን በእኛው።

ሹቀይቅን ለማታውቋት፣ ከጂዛን ከተማ በስተ ሰሜን በቀይ ባሕር ዳር ያለች ዓሣ አጥማጆች የኖሩባት ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ ይበልጥ የምትታወቀው የባሕሩን ጨው ውኃ አጣርቶ ወደ ጂዛንና ወደ ዐሲር ተራሮች በሚልከው ትልቅ ፋብሪካ ነው። ዐብሃ ያላችሁ እኅቶች ልብስ የምታጥቡበት ውኃ ከዚያ ወጥቶ ተራራ የወጣ ሊሆን ይችላል። ከሹቀይቅ ምጽዋ በቀጥታ ቢለካ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና ከሚኬደው ያንሳል። ይህን ርቀት ያዙልኝ፤ ታሪኩ ሁሉ በዚህች ጠባብ ባሕር ላይ የሚመላለስ ነው።

ናግራን ነጅራን ናት

እናንተ ስላላችሁበት አገር መጀመሪያ የሰማሁት የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ነው። ኅዳር 26 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ የናግራን ሰማዕታት ይታሰባሉ። አረጋዊው ቅዱስ ኂሩት፣ ልጇን ይዛ ወደ እሳት የገባችው እናት፣ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙዎች። በብርድ ተቆራምጄ ስሰማ ናግራን በምድር ላይ ያለች ከተማ አትመስለኝም ነበር፤ ከሰማይና ከምድር መካከል የሆነች ቦታ ነበረች። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት የንስሐ ልጄ በስልክ “አሠሪዎቼ ለሠርግ ነጅራን ሄደዋል፤ ዛሬ ቤቱ ለእኔ ብቻ ነው” ስትለኝ ዝም አልሁ። ናግራን አውቶቡስ የሚገባባት፣ ሠርግ የሚደገስባት ከተማ ናት ለካ!

ታሪኩን ታውቁታላችሁና አላስረዝመውም። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሒምያር ንጉሥ፣ ዐረቦች ዙ ኑዋስ የሚሉት፣ የእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚሉት፣ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። የሮሙ ንጉሥ ዮስጢኖስ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለጢሞቴዎስ፣ ጢሞቴዎስም ለዐፄ ካሌብ ጻፈ። ካሌብ ከምጽዋ በስተ ደቡብ በነበረችው በአዱሊስ ወደብ መርከቦቹን አሰናድቶ በ525 ገደማ ተሻገረና ድል አደረገ። ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በዚያው ሰሞን አዱሊስ ስለነበር ዝግጅቱን በጽሑፍ ጠቅሶታል። ካሌብ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነነ፤ ግንቦት 20 በዓሉን እናከብራለን።

እኛ ካህናት ስንሰብክ እዚህ ላይ እናቆማለን። ታሪኩ ግን አልቆመም። ንጉሡ ቢመለስም ሠራዊቱ ቀረ። ከሠራዊቱ አንዱ የነበረው አብርሃ ካሌብ የሾመውን ንጉሥ አውርዶ ራሱ ነገሠ፤ በሰንዓ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፤ የማሪብን ግድብ ማሳደሱን በ548 ገደማ በድንጋይ አስጽፏል። ልጆቹም ከእርሱ በኋላ ገዙ። ስለዚህ ለሃምሳ ዓመት ያህል በዚያ ምድር ላይ ባዕዳን ገዦች የነበርነው እኛ ነን። ሰማዕታቱን ልንበቀል ሄደን ግብር ተቀባይ ሆነን ቀረን ማለት ነው። የአገሩ ሰዎች የሐበሻ አገዛዝ ሲከብዳቸው የፋርስን ንጉሥ ጠሩ፤ ፋርሶች በ570ዎቹ መጥተው ሐበሾቹን አስወጡ፤ ከዚያም ራሳቸው ገዙ። አንዱን ጌታ ለማውጣት ሌላውን መጥራት በዚያ ዳርቻ ያን ጊዜ የተጀመረ ነገር ነው፤ ወደ ፊት ደግመን እናገኘዋለን።

በነገራችን ላይ፣ የአሠሪዎቻችሁ ልጆች አብርሃን በትምህርት ቤት ይማሩታል። በዝሆን ሆኖ መካን ሊያፈርስ የመጣው ሐበሻ ይሉታል። አንድ ቀን “አንቺ የአብርሃ ወገን ነሽ?” ቢሏችሁ አትቆጡ፤ የመጀመሪያዎቹን እስላሞች በ615 ተቀብሎ ያስጠለለው ነጃሺም ሐበሻ መሆኑን ያውቃሉና እርሱን አስታውሷቸው።

ሁለት ዳርቻ፣ አንድ ገዥ

ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙ መቶ ዓመታት እዘልላለሁ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በ16ኛው መቶ ዓመት የኦቶማን ቱርኮች ሁለቱንም ዳርቻ ያዙ። በ1557 ምጽዋን የወሰደው ኦዝዴሚር ፓሻ ከዚያ በፊት የየመን ገዥ ነበር። “ሐበሽ” ብለው የሰየሙት አውራጃቸው ኋላ መቀመጫውን ጅዳ እስከ ማድረግ ደርሷል። ለኢስታንቡል ምጽዋና ጂዛን የአንድ ኩሬ ሁለት ዳር ነበሩ። ቱርኮች ከየመን ተገፍተው ወጡ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ተመልሰው በ1872 ሰንዓን ያዙ፤ በዚያው ሰሞን ዐሲርንም አስገበሩ። በእኛ በኩል ምጽዋ ለግብፆች ተላለፈች፤ በፌብሩዋሪ 1885 ጣሊያን ገባባት፤ በጃንዋሪ 1890 ጣሊያኖች የያዙትን አገር ኤርትራ ብለው ሰየሙት። በ1896 አድዋ ላይ ቢሸነፉም ከመረብ ማዶ አልወጡም።

እንግዲህ ሃያኛው መቶ ዓመት ሲጀምር በባሕሩ አንድ ወገን ቱርክ፣ በሌላው ጣሊያን፣ በስተ ደቡብ ኤደን ላይ ደግሞ ከ1839 ጀምሮ እንግሊዝ ተቀምጠዋል።

የሰብያው ሰው

ከጂዛን ወደ ሹቀይቅ በመኪና የሄዳችሁ ሰብያን አልፋችኋል። የድንበሩ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያች ከተማ ነው።

ከሞሮኮ የመጣ አሕመድ ኢብን ኢድሪስ የሚባል የሱፊ መምህር በመካ ብዙ ዘመን አስተምሮ፣ በስተርጅናው ሰብያ ተቀምጦ በ1837 እዚያው ሞተ። መቃብሩ የተከበረ ሆነ፤ ዘሩም እንደዚያው። የልጅ ልጁ ልጅ ሙሐመድ አል-ኢድሪሲ በ1876 ሰብያ ተወልዶ፣ በካይሮ አል-አዝሀር ተምሮ፣ በሊቢያና በሱዳን ዘመዶቹ ዘንድ ቆይቶ ተመለሰ። በ1908 ገደማ የአካባቢውን ጎሳዎች አስታረቀ፣ ዳኛ ሆነላቸው፣ ከዚያም በቱርክ ላይ አስነሣቸው። የተማረ ሰው ነው፤ ሕዝቡም የግብሩ ብዛት አስመርሮት ነበር። መሣሪያ ግን አልነበረውም።

በሴፕቴምበር 1911 ጣሊያን ሊቢያን ለመውሰድ በቱርክ ላይ ጦርነት ከፈተች። የጣሊያን መርከቦች ምጽዋን መነሻ አድርገው የቱርክን ወደቦች በቀይ ባሕር ደበደቡ። በጃንዋሪ 1912 ከሹቀይቅ በስተ ሰሜን በዚያው ዳርቻ ባለችው በቁንፉዛ የቱርክን ትናንሽ የጦር መርከቦች አጠፉ። ለኢድሪሲም ጠመንጃና ገንዘብ ላኩለት። ሊቢያን በቅኝ ግዛት ሊይዙ የሚዋጉት ጣሊያኖች በሹቀይቅ በኩል የነፃነት ረዳት ሆነው መጡ! በዚያው ዓመት በሺህ የሚቆጠሩ የኤርትራ አስካሪዎችን ከምጽዋ አሳፍረው ሊቢያ አወረዱ። ከሐማሴንና ከአካለ ጉዛይ የወጡ የእኛው ሥጋዎች ለባዕድ ሲሉ ትሪፖሊ ላይ ሞቱ። በአንድ ወደብ ጠመንጃ ለዐረቡ ይወጣል፣ ሰው ለጦሩ ይጫናል። እኔ ይህን ሳነብ ስለ ምጽዋ ያዘንሁት እዚህ ላይ ነው።

ጦርነቱ አለቀ፣ የዓለም ጦርነት መጣ። አሁን ደግሞ እንግሊዝ ተራዋን ያዘች። በኤፕሪል 30 ቀን 1915 የኤደን እንግሊዞች ከኢድሪሲ ጋር ተዋዋሉ። እርሱ ቱርክን ሊወጋ፣ እነርሱ ከባሕር የሚመጣበትን ጠላት ሊከላከሉለትና በግዛቱ ነፃነቱን ሊጠብቁለት ነው ውሉ። በ1918 ቱርክ ተሸነፈች። በ1921 እንግሊዞች ይዘዋት የነበረችውን የሁዴዳን ወደብ ለኢድሪሲ ለቀቁለት። ሰብያ ዋና ከተማ ሆነች፤ ከሹቀይቅ ዳርቻ እስከ ሁዴዳ ድረስ የራሱ መንግሥት ነበረው። ለጂዛን ሰው የነፃነት ዘመን የሚባል ካለ ይኸው ጥቂት ዓመት ነው።

ኢድሪሲ በ1923 ሞተ፤ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተጣላ። የየመኑ ኢማም ያሕያ በ1925 ሁዴዳን ነጠቀ። ኢማሙ በተራው ከጣሊያን ጋር በሴፕቴምበር 1926 ሰንዓ ላይ የወዳጅነት ውል ፈረመ፤ በጣሊያን ወገን የፈረመው የኤርትራው ገዥ ጋስፓሪኒ ነበር። ትናንት ለኢድሪሲ ጠመንጃ ትልክ የነበረችው ጣሊያን ዛሬ የጠላቱ ወዳጅ ሆነች ማለት ነው።

ሐሰን አል-ኢድሪሲ ማን ይጠብቀኝ ብሎ ሲያይ ከመካ በኩል አዲስ ኃይል አየ። ሂጃዝን በ1925 ያጠቃለለውን ዐብዱል ዐዚዝ ኢብን ሱዑድን። በኦክቶበር 1926 መካ ላይ በተፈረመው ውል ሐሰን የአገር ውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ሲቀጥል፣ ያለ ኢብን ሱዑድ ፈቃድ ግን ከሌላ መንግሥት ጋር ሊዋዋል አይችልም ተባለ። ውጫሌን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ዐንቀጽ ሲያነብ ይስቃል፣ ወይም ያለቅሳል። በ1889 በ17ኛው ዐንቀጽ ጣሊያን በዐፄ ምኒልክ ላይ ልትጭነው የፈለገችው ቀንበር ይኸው ነበር። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ አድዋ ዘምተው ውሳኔያቸውን አጸኑ። ሐሰን ግን አድዋ አልነበረውም። በ1930 የውስጡንም አስተዳደር ለኢብን ሱዑድ አስረከበ። በሴፕቴምበር 1932 ግዛቱ ሁሉ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ተብሎ ተሰየመ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢድሪሲዎች ዐመፁ፤ ተሸንፈው ወደ የመን ሸሹ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ጂዛን በፈረንጅ ባንዲራ ሥር አላደረችም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቱርክን ለማውጣት ጣሊያን ተጠራ፣ በጣሊያን ላይ እንግሊዝ ተጨመረ፣ ኢማሙን ለመከላከል ኢብን ሱዑድ ተለመነ። በእያንዳንዱ ጥሪ አንድ ነገር ይከፈላል። የመጨረሻው ክፍያ አገሩ ራሱ ሆነ። በፋርስ ዘመን የሆነውን አስታውሱ ያልኋችሁ ለዚህ ነው።

መስመሩ

ኢማም ያሕያ ጂዛንም ዐሲርም ነጅራንም የየመን ናቸው ይል ነበር። በማርች 1934 ጦርነት ሆነ። የኢብን ሱዑድ ልጅ ፈይሰል በባሕሩ ዳር በቲሃማ ወርዶ ሁዴዳን ያዘ። በሜይ 20 ቀን 1934 የጣይፍ ውል ተፈረመ። ሳዑዲ ሁዴዳን መለሰች፤ ጂዛንን፣ ዐሲርንና ነጅራንን አስቀረች። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወገን ሰዎች ከባሕሩ ተነሥተው ተራራውን እየወጡ ይህ ጎሳ የእናንተ፣ ያ መንደር የእኛ እያሉ ምልክት ተከሉ።

እኅቴ፣ የጠየቅሽኝ መስመር ይኸው ነው። ከመቶ ዓመት ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው። ወሎ ውስጥ መስመሩ ሳይሰመር የተወለዱ አያቶች ያሏችሁ ብዙ ናችሁ።

ውሉ ግን አንድ ደግ ነገር ነበረው። መስመሩ ሰውን አይከለክልም ነበር። የመናውያን ለብዙ ዘመን ያለ ከፊል ሳዑዲ ገብተው ይሠሩ፣ ይነግዱ ነበር። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር የየመን መንግሥት የያዘው አቋም ሳዑዲን አስቆጣና ይህ መብት ተነሣ። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመናውያን ዕቃቸውን በመኪና ጭነው በዚያው በሐረድ መንገድ ተመለሱ። ድንበሩ ለመጨረሻ ጊዜ የጸደቀው በጁን 12 ቀን 2000 በጅዳ ውል ነው። ከዚያ ወዲህ አጥርና ካሜራ፣ ከ2015 ወዲህም ጦርነት ተጨመረበት። በጁን 2019 የየመን ሁቲዎች የተኰሱት ሚሳይል የሹቀይቅ ውኃ ማጣሪያ አካባቢ ወድቆ ነበር፤ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ያን ሌሊት እዚያ የነበራችሁ ግን አትረሱትም።

በባሕሩ በእኛ ወገን ያለውንም ላንሣ። በ1941 እንግሊዝ ጣሊያንን አስወጥቶ ኤርትራን እስከ 1952 አስተዳደረ። ከዚያ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተያያዘች፤ በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ በ1961 የተጀመረው ውጊያ ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ በ1993 ነፃ መንግሥት ሆነች። በዚህ ስንት እናት አለቀሰች! ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ የዚህ መጽሔት አንባቢዎችም ከሁለቱም ወገን ናችሁ። ለዛሬው የሚበቃው፣ አዱሊስና ምጽዋ ለኢትዮጵያዊ መሻገሪያ መሆናቸው መቅረቱ ነው። የወሎ ልጅ በሌላ ሰው አገር በኦቦክ አሸዋ ላይ ጀልባ የሚጠብቀው ስለዚህ ነው።

ማን ለማን ይሠራ ነበር?

ልጅ ሆኜ ከተማ ስላክ “ከዐረብ ቤት ስኳር ግዛ” እባል ነበር። ሱቅ ማለት ዐረብ ቤት ነበር። ዐረቦቹ ሄደው ባለ ሱቁ ጉራጌ ሆኖ ሳለ እንኳ ስሙ አልተለወጠም። እነዚያ ዐረቦች የመናውያን ነበሩ። ድህነት ነድቷቸው ባሕሩን ተሻግረው፣ ሱቅ ውስጥ እየተኙ፣ ሳንቲም እያጠራቀሙ ለእናቶቻቸው የሚልኩ። ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ሊወር ምጽዋን ሲያስፋፋም ከየመን የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ኢትዮጵያዊት አግብተው ወልደው ነበር፤ በ1974 አብዮት ሱቁ ሲወረስ አብዛኞቹ ወጡ። ያኔ የነዳጅ ዋጋ በ1973 ንሮ የሳዑዲ ገንዘብ በዝቶ ነበር። የጉዞው አቅጣጫ ተገለበጠ።

ከዚያ በፊት የነበረው መሻገር ግን በፈቃድ አልነበረም። ከምጽዋና ከታጁራ ስንት ሴት ልጅ ተጭና ሁዴዳና ጅዳ ተሸጣለች። የሸጡትም የገዛ አገሯ ሰዎች ናቸው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1942፣ በሳዑዲ ደግሞ በ1962 ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ መልካችሁን የምትመስል አሮጊት ብታገኙ አትደነቁ። በቆዳችሁ የሚሰድባችሁ ሰው ካለ ደግሞ ቃሉ ከየት እንደመጣ እወቁ፤ ከ1962 በፊት የነበረ ቃል ነው። እናንተ ግን በውልና በደመወዝ የገባችሁ ናችሁ። ውላችሁን ቅጂ አስቀሩ፤ ፎቶውን ለዘመድ ላኩ።

ሰዓዳ ያለው ልጅ

በኦገስት 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የመብት ድርጅት፣ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ በየመንና በሳዑዲ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች እንደተገደሉ ዘገበ። የሳዑዲ መንግሥት መሠረት የለውም ብሎ አስተባበለ። እኔ ዘገባውን ለዚያች እኅታችን በስልክ ሳነብላት ሁለት ጊዜ “ቆይ አባቴ” አለችኝ፤ ማማ ተነሥታ ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ ሰምታ ነው።

ከየመን በፈቃዳቸው መመለስ ለሚፈልጉ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ አይ.ኦ.ኤም. የሚባለው፣ ወደ አዲስ አበባ በረራ ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ ከኤደንም ከማሪብም ተሳፍረው የመጡ አሉ። ወንድም ወይም እኅት በዚያ በኩል ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ደላላው ደግሞ አይነግራቸውም።

ልጁ ይህን እስከጻፍሁበት ቀን ድረስ አልተሻገረም። ሰዓዳ አካባቢ ጫት እርሻ ላይ ሥራ ይዞ የደላላውን ዕዳ እየከፈለ መሆኑን በድምፅ መልእክት ነግሯታል። እርሷ “ተመለስ” ትለዋለች፤ እርሱ “ባዶ እጄን?” ይላታል። ስለ ድንበሩ የጻፍሁትን ቆርጣ ልትልክለት ፈልጋለች፤ ያነበዋል ብዬ አላምንም፤ ግን ትላክለት። የክርስትና ስሙን ልካልኛለች፤ ጠዋት ጠዋት በኪዳን ጸሎት እናነሣዋለን። የእናንተንም ላኩልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።